ቅሬና ማዘጋጃ ቤት፦ የደሴና የኮምቦልቻ ነዋሪ በከተማው ጉዳይ የሚገባባቸው በሮች

በደሴ አንድ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል ብዙ ጊዜ አይፈጅም። የቅሬው፣ ማለትም በሌላ አካባቢ እድር የሚባለው የሰፈር መረዳጃ ማኅበር፣ ለፋፊ ቤት ለቤት ይዞራል፣ ከዕቃ ቤቱ ወንበርና ብረት ድስት ይወጣል፣ እናቶች እንጀራና ንፍሮ ይዘው ይመጣሉ፣ ጎልማሶች ወደ መቃብሩ ይወጣሉ። ከቀብር መልስ ደግሞ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ስም ይጠራል፤ ያልተገኘው አባልም በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ይቀጣል። ለዚህ ሁሉ ትእዛዝ የሚሰጥ ባለሥልጣን የለም፤ የሚመደብ የመንግሥት በጀትም የለም። ይኸው ሰፈር ግን በየክረምቱ እየሞላ ደጃፉን የሚያጥለቀልቀውን የተደፈነ ቦይ ለዓመታት ሳያስጠርግ ሊኖር ይችላል። ስለ ቦዩ የማያወራ የለም፤ ጉዳዩ በጽሑፍ ለየትኛው ክፍል፣ መቼ እንደቀረበና ምን ምላሽ እንዳገኘ የሚያውቅ ሰው ግን በቀላሉ አይገኝም።

ስለ ከተማ ነዋሪዎች ተሳትፎ በሚነገርበት መድረክ ሁሉ ሕዝቡ “የባለቤትነት ስሜት” እንደሚጎድለው ተደጋግሞ ይገለጻል። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ይህ አባባል ትክክል አይመስለኝም። ስሜቱ አለ፣ አደረጃጀቱ አለ፣ ገንዘብ የማዋጣትና ጊዜ የመስጠት ልማዱም አለ። የጎደለው ይህ ሁሉ ወደ ከተማው ውሳኔ የሚደርስበት መንገድ ነው። መንገዱ በሕግ ጭምር የተከፈተባቸው ቦታዎች አሉ፤ ነገር ግን ሰዎች በእውነት የሚሰባሰቡበት ቦታና ሕጉ የከፈተው በር አልተገናኙም። ይህ ጽሑፍ ያ ክፍተት ከምን እንደመጣና በየት በኩል ሊጠብ እንደሚችል ለማብራራት የተጻፈ ነው።

መካከለኛ ከተማ ሲባል

በ1999ኙ የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ የደሴ ከተማ ነዋሪ 120 ሺህ ገደማ፣ የኮምቦልቻ ደግሞ ከ58 ሺህ በላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ለ2010 የታቀደው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተላልፏል፤ ስለዚህ ስለ ሁለቱ ከተሞች ዛሬ የሚጠቀሱት ቁጥሮች ከዚያ ቆጠራ ተነሥተው የተሠሉ ግምቶች ናቸው። ይህ ተራ የስታትስቲክስ ጉዳይ አይደለም። የትምህርት ቤት ወንበርም ሆነ የውሃ መስመር የሚታቀደው በነዋሪ ብዛት ስለሆነ፣ በመዝገብ ያልተቆጠረ ነዋሪ በዕቅዱም ውስጥ ቦታ አይኖረውም።

ይሁን እንጂ ከተማን መካከለኛ የሚያሰኘው የነዋሪው ብዛት ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ አብዛኛው ሰው የከተማውን አመራር የሚያውቀው በቴሌቪዥን ነው። በትንሽ የወረዳ ከተማ ደግሞ ሁሉም ይተዋወቃል፤ ሆኖም ብዙ የሚወሰን ገንዘብም ሆነ መሬት የለም። ደሴና ኮምቦልቻ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ናቸው። የራሳቸው ምክር ቤትና ከንቲባ አላቸው፣ መሬት በሊዝ ያስተላልፋሉ፣ ፕላን ያስጠናሉ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲን ግቢዎች በየበኩላቸው ያስተናግዳሉ። ይህ ሁሉ ኖሮም የመሬት ክፍሉ ባለሙያ የአንዱ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ የመንገድ ክፍሉ መሐንዲስ የሌላው ጎረቤት፣ የምክር ቤት አባሉ የሌላው የቅሬ አባል ነው። በነዋሪውና በወሳኙ መካከል ያለው ርቀት አጭር ነው። በእኔ አስተያየት የመካከለኛ ከተማ ትልቁ ጸጋም ትልቁ ፈተናም የሚመነጨው ከዚህ መቀራረብ ነው።

“ከየት ነህ?” ለሚለው ጥያቄ

ከአገሩ ርቆ የሚኖር የደሴ ሰው ከየት እንደሆነ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ “ወሎ” ብሎ ይጀምራል። ከተማው ውስጥ ሲጠየቅ ደግሞ ሸዋ በር፣ ሆጤ፣ ቧንቧ ውሃ፣ አራዳ ወይም ሰኞ ገበያ ይላል። ወሎዬነት ሰፊ ነው፤ በዜማው ባቲና አምባሰል፣ በአብሮነቱና በለዛው የሚታወቅ ማንነት ነው። የሰፈር ልጅነት ደግሞ ጥልቅ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው፣ ማለትም ግብር የሚከፈልበትና ቦይ የሚቆፈርበት ከተማ፣ በማንነት ደረጃ ከሁለቱም የሳሳ ሆኖ ይታየኛል።

ለዚህ ታሪካዊ ምክንያት አለው። ዐፄ ዮሐንስ ስፍራውን ደሴ ብለው ከሰየሙበት ከ1870ዎቹ አጋማሽ በኋላ ከተማዋ ያደገችው በንጉሥ ሚካኤል መቀመጫነት ነው፤ የአይጠየፍ አዳራሽም እስከ ዛሬ የዚያ ዘመን ምስክር ነው። በኋላም የወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ ቀጥሎም የወሎ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ሆና ቆየች። ከየጁ፣ ከአምባሰል፣ ከቃሉ፣ ከቦረና፣ ከወረሂመኖ የመጣ ሰው ለክርክር ፍርድ ቤት፣ ለሕክምና ሆስፒታል፣ ለትምህርት ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የሚደርሰው ደሴ ላይ ነበር። ስለዚህ ከተማዋ ለብዙ ሰው የአገሩ መዲና እንጂ ራሷን ችላ የምትቆም፣ የራሷ ጉዳይ ያላት ከተማ ሆና አልተሣለችም። ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ጋር በተያያዘው አዲስ አከላለል ወሎ በአስተዳደር ካርታው ላይ አንድ ግዛት መሆኑ ሲቀር፣ ደሴ የደቡብ ወሎ ዞን መቀመጫ ሆነች። በአንድ ከተማ ውስጥ የዞንና የከተማ አስተዳደር ቢሮዎች ጎን ለጎን ሲሠሩ ነዋሪው የትኛው ጉዳይ የየትኛው እንደሆነ ለመለየት መቸገሩ የሚያስገርም አይደለም።

ኮምቦልቻ ሌላ ባሕርይ አላት። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ይህች ሞቃት ከተማ በመንገድ፣ በአውሮፕላን ማረፊያና በፋብሪካ የቆመች ናት። ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራና ቆዳ ፋብሪካዎች ነበሯት፤ በሐምሌ 2009 ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀባት። እዚያ ሰውን ከሰው የሚያስተዋውቀው ከትውልድ ይልቅ ሥራ ነው። ጠዋት ከደሴ ወርዶ ማታ የሚመለስ፣ በደሴ ተወልዶ በኮምቦልቻ ቤት የሠራ ሰው ብዙ ነው። ሆኖም እያንዳንዱ ከተማ የየራሱን ዕቅድ ያወጣል፤ በሁለቱም የሚኖረው ሰው በየትኛውም ስብሰባ ላይ እንደ እንግዳ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ።

መተዋወቅ ሲጠቅምና ሲጎዳ

ወደ ቦዩ ልመለስ፤ ምክንያቱም ነገሩ በሙሉ እዚያ ላይ በግልጽ ይታያል። ቦዩ ሲሞላ በሰፈሩ ጉዳዩን ወደፊት የሚያመጣው ሰው በአብዛኛው መናገር የሚችል፣ ሰው የሚያውቅ፣ የተማረ ወይም ሱቅ ያለው ነዋሪ ነው። ይህ ሰው ማመልከቻ ከመጻፉ በፊት በተፈጥሮው የሚያደርገው ነገር አለ፤ ከተማ አስተዳደሩ ውስጥ ለሚሠራ ዘመዱ ወይም ጓደኛው ይደውላል። ጓደኛውም በቅንነት ይረዳዋል። በሳምንቱ ሁለት ሠራተኞች አካፋ ይዘው መጥተው ከሱቁ ፊት ያለውን ቦይ ይጠርጋሉ። በዚህም የአንዱ ሰው ችግር ይፈታል፣ ሰፈሩ ደግሞ ከሁሉ የተሻለውን ተናጋሪ ያጣል። ከታች በኩል ያሉት፣ ማንንም የማያውቁት፣ ውሃው ወደ እነሱ ይበልጥ ፈጥኖ ሲወርድ የሚደውሉለት ሰው የላቸውም።

በዚህ ሂደት ውስጥ ክፉ ሰው የለም፤ ማንም ጉቦ አልተቀበለም፣ ማንም አልዋሸም። ነገር ግን የጋራ የነበረው ጥያቄ በግል ውለታ ተዘጋ። መዝገብ ላይ ምንም ስላልሰፈረ በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ሲዘጋጅ ያ ቦይ ችግር እንዳለበት የሚያሳይ ወረቀት አይኖርም። “እዚያ ሰው አለህ ወይ?” የሚለው የተለመደ ጥያቄ ለጠያቂው መፍትሔ፣ ለከተማው ግን የመረጃ ማጣት ነው።

ባለሙያውም በዚሁ መቀራረብ ይጨነቃል። ሕግ ጠቅሶ “አይሆንም” ያለው የከተማ ሠራተኛ አመልካቹን በማግስቱ ሠርግ ላይ ወይም ለቅሶ ቤት ያገኘዋል። ስለዚህ እምቢ ከማለት ማዘግየትን፣ ከማዘግየት ደግሞ ዝምታን ይመርጣል። ወረቀት ቀዝቃዛና ባዕድ ይመስላል፤ ነገር ግን በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል የሁለቱንም ክብር የሚጠብቀው እሱ ነው፤ ጥያቄው የሰፈሩ ይሆናል፣ መልሱም የመሥሪያ ቤቱ።

የቦዩ ገንዘብ ከየት ይመጣል?

በአማራ ክልል የከተማ አስተዳደር ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ትምህርት፣ ጤናና የመሳሰለው ሲሆን በአብዛኛው ከክልሉ በሚመጣ ድጎማ ይንቀሳቀሳል። ሁለተኛው የማዘጋጃ ቤት አገልግሎት የሚባለው ነው፤ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ፣ የደረቅ ቆሻሻ፣ የመንገድ መብራት፣ ቄራና መናፈሻ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። የሁለተኛው ወጪ በዋናነት የሚሸፈነው ከተማው ራሱ ከሚሰበስበው፣ ማለትም ከሊዝ፣ ከኪራይ፣ ከአገልግሎት ክፍያና ከልዩ ልዩ ገቢ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ቦዩ ሳይጠረግ የቀረበት ነዋሪ መንግሥት ገንዘብ እስኪልክ እየጠበቀ ይሆናል፤ ገንዘቡ ግን ባመዛኙ ከእሱና ከጎረቤቶቹ የተሰበሰበ ነው፤ በየዓመቱም የትኛው ሰፈር እንዲቀድም የሚወሰነው በዚያው ከተማ ውስጥ ነው።

የተሳሳተ በር ማንኳኳትም አለ። መብራት ሲጠፋ ከንቲባውን የሚወቅስ ብዙ ነው፤ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ግን የፌዴራል ተቋም ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚወስደው አውራ ጎዳናም እንዲሁ የፌዴራል ነው። ውሃ ደግሞ የራሱ ሒሳብና ቦርድ ባለው የከተማው የውሃ አገልግሎት በኩል ይሄዳል። ሕዝባዊ ስብሰባ ላይ ሦስቱም በአንድ ትንፋሽ ሲነሡ መድረኩን የሚመራው ሰው “ለሚመለከተው እናስተላልፋለን” ብሎ ያልፋል፤ በእርግጥም የሱ ሥልጣን ያልሆነውና የሱ የሆነው ተደባልቀውበታል።

ቀበሌው ክፍተቱን ለምን አልሞላውም?

በቅሬውና በከተማው መካከል መቆም የነበረበት ቀበሌ ነው። ቀበሌ በከተሞች የተወለደው ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ ነው። ስሙም የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ነበር። ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጡ ቤቶችን ያስተዳድር ነበር፤ የፍርድ ሸንጎና ሱቅም ነበረው። በሐሳብ ደረጃ ነዋሪው ራሱን የሚያስተዳድርበት ማኅበር ነበር ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ግን የደርግ መንግሥት የቁጥጥር ክንድ ሆነ፤ በቀይ ሽብር ዘመን የሆነውን ያዩ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። በአንድ ወረቀት ላይ ከጎረቤት ጋር ስም አስፍሮ መፈረም ለምን እንደሚያስፈራ ለመረዳት ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል። ቀበሌ ከዚያ ወዲህ ለብዙው ሰው መታወቂያ የሚወጣበት፣ መሸኛ የሚጻፍበትና ሲጠሩ የሚሄዱበት ቢሮ ሆኖ ቀርቷል።

በሕግ ረገድ ነገሩ ከዚህ የተሻለ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ እንዲችል ለታችኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል፤ በአንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች አካባቢያቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየት የመስጠት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የከተማና የቀበሌ ምክር ቤቶችም በየአምስት ዓመቱ እንዲመረጡ ታስበዋል። ሆኖም የአካባቢ ምርጫ በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ነው፤ በ2013ቱ ጠቅላላ ምርጫ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ በስተቀር የአካባቢ ምክር ቤቶች አልተመረጡም። በ2005 ገና ልጅ የነበረ፣ ዛሬ ቤተሰብ የመሠረተ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ወጣት በ2013ቱ ምርጫ ለከተማው ምክር ቤት ድምፅ ሊሰጥ አልቻለም ማለት ነው። የተወካዩን ስም አለማወቁን በቸልተኝነት ለመተርጎም ከመቸኮል በፊት ይህን ማመዛዘን ፍትሐዊ ነው።

ጦርነቱም የራሱን ጠባሳ ጥሏል። ከጥቅምት 2014 መጨረሻ እስከ ኅዳር 27 ቀን 2014 ድረስ ሁለቱ ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበሩበት ጊዜ ብዙ ነዋሪ ተሰድዷል፤ የደሴ ሆስፒታልና የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተዘርፈዋል። የመንግሥት መዋቅር በሌለበት በዚያ ወቅት ለቀረው ሰው የቅርቡ መጠጊያ ጎረቤቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ነዋሪው በቅሬውና በጎረቤቱ ላይ ያለው እምነት ከቢሮ ላይ ካለው እምነት ቢበልጥ አይፈረድበትም።

የኮብል ድንጋዩ ትምህርት

ሰፈርና ከተማ በእውነት አብረው የሠሩበት ጉዳይ ካለ የኮብል ድንጋይ መንገድ ነው። አሠራሩን በቅርብ ማየት ይጠቅማል። ነዋሪዎች ኮሚቴ ይመርጣሉ፤ ኮሚቴው በየቤቱ ወይም በይዞታው ፊት ስፋት መጠን መዋጮ ይተምናል፤ በሦስት ሰዎች ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይከፈታል፤ ለእያንዳንዱ ከፋይ ደረሰኝ ይቆረጣል። ከተማው የበኩሉን ይጨምራል፣ መሐንዲሱ ልኬቱን ያወጣል፣ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ድንጋዩን ይጠርቡና ያነጥፋሉ። ያልከፈለው ጎረቤት ስም በኮሚቴው ደብተር ላይ ይሰፍራል፤ በማግስቱም ሰብሳቢው በሩን ያንኳኳል። ከቅሬው የተወረሰ ሥርዓት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የሠራውም ለዚህ ነው።

ነገር ግን ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች፣ ዳገትና ቁልቁለት የሞላባት ከተማ ናት። አፈር ሆኖ ውሃ ይመጥ የነበረ መንገድ ድንጋይ ሲነጠፍበት የዝናቡ ውሃ ሳይሰርግ በፍጥነት ይወርዳል። የላይኛው ሰፈር ኮሚቴ በወጉ ሠርቶ፣ ከጭቃ ተገላግሎ ባመሰገነበት ክረምት የታችኛው ሰፈር ጎርፍ ይጨምራል። የታችኛው ሰፈርም በተራው መንገዱን ያነጥፍና ውሃውን ወደ ቀጣዩ ያሳልፋል፤ መጨረሻ ላይ ሸለቆው ዳር የደረሰው ውሃ አፈሩን እየቦረቦረ ገደሉን ያሰፋል። የመሬት መንሸራተት በደሴ ዙሪያ አዲስ ነገር አይደለም፤ ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ ሲያጠኑት የኖሩት ስጋት ነው። እያንዳንዱ ሰፈር ድርሻውን በትጋት ተወጥቶም የከተማው ችግር ሊብስ ይችላል ማለት ነው።

መፍትሔው ሰፈሮችን መውቀስ አይደለም። ውሃው የሚከተለው የቀበሌ ወሰንን ሳይሆን ተዳፋቱን ስለሆነ፣ መንገድና ቦይ የሚታቀዱት አንድ መውረጃ በሚጋሩ ሦስትና አራት ሰፈሮች ደረጃ መሆን አለበት። ይህን ስብሰባ የመጥራት ግዴታ የከተማው የመሠረተ ልማት ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ካርታው ያለው እሱ ጋ ነው። ደሴ በ2009 በ11 ከተሞች በተጀመረው፣ ድሃ ነዋሪዎችን በሥራ በሚደግፈው የከተማ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ከታቀፉት አንዷ ስለነበረች ለጽዳት፣ ለአረንጓዴ ልማትና ለተፋሰስ ሥራ የሰው ጉልበት የሚሰማራበት ልምድም አላት። ያልነበረው ላይኛውና ታችኛው ሰፈር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው መዋጮውንም ቦዩንም አብረው የሚተምኑበት አሠራር ነው።

በደብተሩ ላይ የሌሉት

የመዋጮ ኮሚቴ ሌላም ድካም አለበት። የሚያዋጣው የቤት ባለቤት ስለሆነ የሚወስነውም እሱ ይሆናል። በኮምቦልቻ ይህ በጣም ይከብዳል። ከገጠር መጥታ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ወይም በአንዱ ፋብሪካ የተቀጠረች፣ ከሁለትና ሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር ወጣት በሰፈሩ ቅሬ ውስጥ የለችም፤ ነባር ቅሬዎች ለአዲስ አባል የሚጠይቁት መግቢያ ለዓመታት የተጠራቀመውን ንብረት ያገናዘበ ስለሚሆን ከደመወዟ ጋር አይመጣጠንም። የቀበሌ መታወቂያዋ የተወለደችበት ወረዳ ሊሆን ይችላል። የሰፈር ስብሰባ በሥራ ቀን ሲጠራ እሷ ማሽን ላይ ናት። ስለዚህ ኮሚቴው በቅንነት “ምን ይቅደም?” ብሎ ሲጠይቅ ድንጋይ ንጣፍ ይቀድማል። ከማታ ፈረቃ ወጥታ በጨለማ ወደ ቤቷ የምትሄደው ሠራተኛ ብትጠየቅ ኖሮ መብራት ትል ነበር።

በዚህ ጉዳይ ላይ ቸልታ ሊኖር አይገባም። ተከራይ የሰፈሩ ነዋሪ ነው፤ በቤት ኪራዩና በሚገዛው ዕቃ ሁሉ ለከተማው ገቢ ድርሻ አለው። ቅሬዎች መግቢያውን በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲከፈል ቢያደርጉ፣ የቀበሌ ስብሰባዎችም በእረፍት ቀን ቢጠሩና ማስታወቂያው በፋብሪካው በር ላይ ቢለጠፍ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከተማ ሰውን የራሱ የሚያደርገው እንዲህ ባለው ጥቃቅን አሠራር ነው እንጂ በበዓል ቀን በሚነገር ንግግር አይደለም።

ከተከራዩም የራቀ ድምፅ አልባ አለ። የቦርከና ወንዝ ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ፣ ከተማዋን አልፎ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ከዚያም ወደ ጨፋ ሜዳ ይዘልቃል። ደሴ ላይ ቦይ ውስጥ የተጣለ ቆሻሻ የኮምቦልቻን ድልድይ ያያል። በኮምቦልቻ ደግሞ የፋብሪካ ፍሳሽ በለዮሌና በወርቃ ወንዞች በኩል ቦርከና ውስጥ እንደሚገባ ተመራማሪዎች አሳይተዋል፤ ከታች ያለው አርሶ አደር ጓሮውን የሚያጠጣው፣ ከብቱን የሚያጠጣው በዚሁ ውሃ ነው። ያ አርሶ አደር በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ስብሰባ አይጠራም። ሁለቱ ከተሞች በዩኒቨርሲቲ፣ በአውሮፕላን ማረፊያና በጋብቻ የተሳሰሩትን ያህል በወንዙ ጉዳይም አንድ ላይ ቢቀመጡ የሚጠቀመው ሕዝብ ከሁለቱም ወሰን ውጭ ያለውን ይጨምራል።

መቼና በየት በኩል?

ነዋሪ ገብቶ ውጤት ሊያይባቸው ከሚችሉት በሮች ዋነኛው የከተማ ፕላን ነው። አዋጅ ቁጥር 574/2000 የከተማ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ያስገድዳል። መዋቅራዊ ፕላን ለ10 ዓመት የሚያገለግል ስለሆነ በዚያ የውይይት ቀን ያልተነሣ ጉዳይ ለአሥር ዓመት ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ ባለው ስብሰባ ላይ የሚታየው ትልቅ ባለቀለም ካርታ ለብዙው ሰው ግር ያሰኛል። ስለዚህ ጠቅላላ አስተያየት ከመስጠት ይልቅ የራስን ሰፈር በካርታው ላይ ፈልጎ አረንጓዴ የተቀባው ቦታ አሁን ምን እንዳለበት፣ የጎርፍ መውረጃው በማን ይዞታ ውስጥ እንደሚያልፍ፣ መንገዱ ሲሰፋ የማን አጥር እንደሚነካ መጠየቅ ይሻላል። የተጠየቀው በቃለ ጉባኤ መስፈሩን ማረጋገጥም እንዲሁ።

ሌላው የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ የሚባለው ነው። ይህ ከተማው በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት የትኛውን መንገድ፣ ቦይና ገበያ እንደሚሠራ የሚዘረዝር፣ በየዓመቱም የሚከለስ ሰነድ ነው። በዓለም ባንክ ድጋፍ ቀደም ሲል 44 ከተሞችን፣ ከ2010 በኋላ ደግሞ 117 ከተሞችን ባቀፈው የከተሞች መሠረተ ልማት ፕሮግራም ገንዘቡ የሚለቀቀው ከተሞች በየዓመቱ ተመዝነው ነበር፤ ከመመዘኛዎቹም አንዱ ዕቅዱ ነዋሪን አሳትፎ መዘጋጀቱ ነበር። ይህ ለከተማው አስተዳደርም የነዋሪውን ፊርማ ጠቃሚ ያደርገዋል። በአንድ መውረጃ ላይ ያሉ ቅሬዎች ሁሉ በማኅተማቸው ያረጋገጡት የጋራ ማመልከቻ ለዕቅድ ክፍሉ ሲቀርብ ተራ ቅሬታ ሳይሆን የተሳትፎ ማስረጃ ነው።

ከዚህ ጋር የመረጃ መብት አለ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ የመስጠት ግዴታ አለበት። የሰፈሩ ቦይ ውል ለማን፣ በስንት ብር፣ እስከ መቼ እንደተሰጠ መጠየቅ ይቻላል። ጥያቄው ምክንያት እንዲጠቀስበት አይገደድም፤ የሚጠቅመው በጽሑፍ መሆኑና የገባበት ቀን በመዝገብ ቤት ማኅተም መረጋገጡ ነው።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የሴክተር ቢሮዎች ዕቅድ የሚሰናዳው ግን ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ ነው። ጎርፉ የሚመጣው ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ስለሆነ ሰው ጥያቄውን የሚያነሣው በጀቱ ከተደለደለ በኋላ ይሆናል፤ መልሱም “የበጀት ችግር አለ” ይሆናል፤ በዚያ ወር እውነትም አለ። ስለዚህ በክረምት የደረሰው ጉዳት በፎቶግራፍና በቀን ተመዝግቦ ቢያዝ፣ ማመልከቻው ከየካቲት ሳያልፍ ለዕቅድ ክፍሉ ገብቶ ግልባጩ ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ቢደርስ፣ ሐምሌ ላይ በጀቱ ሲጸድቅ የቦዩ ስም በዝርዝሩ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ለማየት የሚያስፈልገው ያችን ማኅተም ያረፈባትን ቅጂ ይዞ መሄድ ብቻ ነው።